የኋላ ረድፍ

ጥቅምት 9 ቀን

ለውድ እህቴ ለሚጢጢ፦

መንገዱ ረዝሞ ሰላምታዬ ቢዘገይም፣ ይህ ወረቀት ሲደርስሽ በሙሉ ጤና፣ ጉሮሮሽም ከጉንፋኑ ድኖ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ሌላ የምለው ስለሌለኝ ነው። ደብዳቤውን በመናኸሪያው አድራሻ የላክሁት እማዬ እንዳታየው ብዬ ነው። ስልኩ አልጋዋ አጠገብ ስለሆነ በስልክ ስናወራ ሁለታችንም የምናወራው ለእሷ ነው።

ጋሼ ትንፋሽ በጥር ጡረታ ሊወጡ መሆናቸውን እማዬ ነገረችኝ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሽኝት ይደረግላቸዋል፤ የድሮ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበው ያንን የደመናውን መዝሙር ይዘምሩላቸዋል አለች። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ማሰብ ማቆም አቃተኝ። እዚህ መነጽር ቤት ቀኑን ሙሉ መስታወት እሞርዳለሁ። ማሽኑ ከፍም ዝቅም የማይል አንድ ድምፅ አለው። ያን ስሰማ የሙዚቃ ክፍላችን ይመጣብኛል። በኮሪደሩ መጨረሻ። አንደኛው መስኮት አልዘጋ ያለው። ማንገቻው ተበጥሶ በወንድ ቀበቶ የተጠገነው አኮርዲዮን። ወለሉ ላይ በጀርባችን ያስተኙንና የንባብ መጽሐፋችንን ሆዳችን ላይ አስቀምጠው በመካከላችን ይመላለሱ ነበር። መጽሐፉ አልንቀሳቀስ ያለበትን ልጅ በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «አንተ እየተነፈስክ አይደለም፤ ከጎረቤትህ አየር እየሰረቅክ ነው» ይሉታል። ስንስቅ መጽሐፉ ሁሉ ከየሆዳችን ላይ ይወድቃል። እንደዚያ የሳቅሁበት ክፍል ከዚያ ወዲህ አልገባሁም።

ለዕለቱ የሚነበብ አጭር ጽሑፍ ጽፌ ለአዘጋጆቹ ልኬያለሁ። ድምፄን ያገኙልኝ እሳቸው እንደሆኑ፣ በዚያ ድምፅ ምክንያት አጎታችን እዚህ ድረስ እንዳስመጣኝ፣ ያለ እሳቸው ዛሬ የት እንደምሆን እንደማላውቅ ጽፌያለሁ። ትንሽ አሳመርኩት፤ የሽኝት ጽሑፍ መቼም እንዲያው ነው። የቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የመዝሙሩ መካከል፣ አንድ ልጅ ለብቻው የሚዘምረው ክፍል፣ ቃሉ ጠፋኝ። ጻፊና ላኪልኝ። አንቺ አትረሺም።

ፈቃድ ከሰጡኝ በጥር እመጣለሁ። ለእማዬ ግን እርግጥ ነው አትበያት።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ፣
ሎጋው


ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለሎጋው፦

እንደምን ከርመሃል? እናትህ እትዬ ከጉልበታቸው በቀር ደኅና ናቸው። እኔም ደኅና ነኝ። ጤናህንና ዓይንህን ይጠብቅልህ። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

ቃሉ ጠፋኝ ትላለህ። የሚጠፋው በእጅ የነበረ ነገር ነው። ያንን ክፍል አንተ አንድም ቀን ዘምረኸው አታውቅም።

ደብዳቤህን ያነበብኩት መናኸሪያው ማስታወቂያ ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ ነው። አንብቤ ስጨርስ እንደገና አነበብኩት፤ ሾፌሩ መጥቶ መስኮቱን እስኪደበድብ ድረስ አውቶቡሱን አልጠራሁለትም። «ዛሬ ደግሞ ምን ዋጠሽ?» አለኝ። ምን እንደዋጠኝ ብነግረው ጉዞው ይቀር ነበር። መስታወታችን አቧራ ስለጠጣ ከውጭ ማንም አያየኝም። ተሳፋሪው ድምፄን ያውቀዋል፤ እኔን አያውቀኝም። ሻይ ልጠጣ ስወጣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው፣ ሴትዮዋ መቼ ነው የምትጠራን ብሎ እኔኑ ይጠይቀኛል። አላውቅም እለዋለሁ። ይህን ሁልጊዜ እንደ ቀልድ አወራው ነበር። ያንተን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ቀልድነቱ ቀረ።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የወላጆች ቀን ነበር። ጋሼ ትንፋሽ ሲያሰልፉን የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። ቁመናው ያማረውን፣ ዩኒፎርሙ የተተኮሰውን፣ ወላጅ አይቶ የሚደሰትበትን ልጅ ሁሉ ከፊት ያቆሙታል፤ ድምፅ የሌለው ከሆነ ከንፈሩን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ይነግሩታል። ድምፅ ያለንን ከኋላ። እኛን ለብቻችን ሰብስበው ምን ይሉን እንደነበር አንተ አልሰማህም። «የፊቱ ረድፍ ልብስ ነው። እናንተ ደረት ናችሁ።» እንዲህ ሲሉን አንድ ክንድ ያህል እናድግ ነበር። እኔ የተጣፈ ሹራቤን ለብሼ፣ አፍንጫዬ ትከሻህ ሥር ሆኖ፣ የአንገትጌህን ሳሙና እየሸተተኝ፣ ደረት ነኝ እያልኩ እቆም ነበር። በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ይህን አትቀማኝም።

የብቻ ክፍሉ ሲደርስ እኔ ዘመርኩ። አንተ አፍህን ከፈትክ፣ ገጠምክ። ዓይንህንም ጨፈንክ፤ ዓይንህን ጨፍን ያለህ ማንም አልነበረም። እትዬ ከወንበራቸው ተነሥተው «የእኔ ልጅ ነው፤ የእኔ ነው» እያሉ እያለቀሱ መጡና አቀፉህ። እኔ ከኋላ ሹራብህን ይዤ ነበር። ትነግራቸዋለህ ብዬ ጠበቅሁ። በትከሻቸው ላይ አሻግረህ አየኸኝ። ከዚያ ጫማህን አየህ።

የቀረው እንደምታውቀው ነው። እትዬ ለአጎታችን ጻፉ፣ አጎታችን ድምፃሙን ልጅ ላኪልኝ አለ፣ ሄድክ። እዚያ ስትደርስ ድምፅህ ጎረመሰና ጠፋ ተባለ። እንዴት ያለ ደግ ጉርምስና ነው! እኔ ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እትዬ ናቸው፤ የሚመኩበትን ምን ብዬ ልንጠቃቸው? እስከ ዛሬ ወጥ ቤት ሆኜ ሳንጎራጉር ሲሰሙ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? «ድምፅሽ ትንሽ ትንሽ የልጄን ይመስላል» ይሉኛል። ትንሽ ትንሽ።

አሁን ደግሞ ዓይንህን በጨው ታጥበህ ቃሉን ላኪልኝ ትለኛለህ። አልልክም። ጽሑፉንም መልሰህ ሌላ ጻፍ። ስለ መጽሐፉና ስለ ሆዳችን ጻፍ፤ እሱ እውነት ነው። ድምፄን ግን ከውስጡ አውጣልኝ።

ሚጢጢ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለሚጢጢ፦

ቤቱ ሁሉ ሰላም ይሁን። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እየጀመርኩ እተወው ነበር።

አንቺ ደረት ተባልሽ። እኔ ምን እንደተባልኩ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ጋሼ ትንፋሽ ሲመርጡን ጆሯቸውን ወደ እያንዳንዳችን አፍ እያስጠጉ ነበር የሚያልፉት። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጥሩ የዘመርኩ መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ። ሁለት ጣታቸውን ከንፈሬ ላይ አደረጉና፣ ፈገግ ብለው፣ «አንተ ይህችን ብቻ» አሉኝ። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጣታቸው ጠመኔ ጠመኔ ይላል። እስከ ዛሬ ደንበኛ ፊት ስቆም የተናገርኩት የተሰማ አይመስለኝም፤ አንዱን ነገር ሁለቴ እናገራለሁ። የሱቁ ባለቤት የገደል ማሚቶ ብሎ ስም አውጥቶልኛል። አንቺ ዝም ብለሽ የኖርሽው ድምፅ እያለሽ ነው። እኔ የኖርኩት በሌለኝ ድምፅ ነው። የተበደልኩት እኔ ብቻ ነኝ እያልሽ አትጻፊልኝ፤ ያናድደኛል። ዓይኔን የጨፈንኩትም ሰው እንዳላይ ነው።

አሁን የምጽፍልሽ ግን ለእኔ ብዬ አይደለም። እማዬ በጥር እንደምዘምር ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። ቀሚስ እያሰፋች ነው። ባለፈው በስልክ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ልስማህ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠይቅህም» አለችኝ። ድምፄ ድሮ ጠፍቷል አልኳት። «የእናት ጆሮ ይፈልገዋል» ብላ ሳቀች። እንግዲህ ምን ልበላት?

አንድ መላ አለኝ፤ ሳትቆጪ አንብቢው። የብቻውን ክፍል ሁሉም በአንድነት ይዘምረው። ለአዘጋጆቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ እንደ ድሮው ከኋላዬ ሆነሽ ምሪ፤ ከሁሉም ጎልተሽ። ጆሮዋ እንደ ድሮው አይደለም። አፌን እያየች የፈለገችውን ትሰማለች። እኛም ደስ እንዳላት እንሸኛታለን። ያረጀ ሰው ላይ እውነት መጣል ማንን ይጠቅማል? አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በይኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ሎጋው፦

ሰላምታውን ከበፊተኛው ደብዳቤዬ ላይ ውሰድ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ስለ ጣታቸው የጻፍከው እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ለአንተ አዝኜ በአንተው የተናደድኩበት ቀን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ምን ያህል እንደሚከብድ ላንተ መንገር አልፈልግም።

ጋሼ ትንፋሽ ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር። መስኮቱ እስከ ዛሬ አይዘጋም። ወዲያው አወቁኝ። ስሜን አልጠሩም፤ «የኋላ መሐል» አሉኝ፤ የቆምኩበትን ቦታ። ትንፋሽሽ አሁንም ከሆድሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ወንበር አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሰጡኝ፣ በመናኸሪያው ባለፉ ቁጥር ድምፄን እንደሚሰሙ፣ አንዳንዴም አውቶቡስ ሳይኖራቸው ቆመው እንደሚያዳምጡ ነገሩኝ። አየህ፣ እሳቸውን መጥላት እንዲህ ነው የሚያስቸግረው። ልጅ ሆኜ እወዳቸው የነበረውን ያህል ልወዳቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ ጠየቅኋቸው። ያን ቀን የዘመርኩት እኔ መሆኔን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ትልቅ ሰው አልነበረም፤ ለእትዬ ለምን አልነገሯቸውም አልኩ።

የአኮርዲዮኑን ቀበቶ ፈትተው እንደገና ማሰር ጀመሩ።

«እናትየው ሲያለቅሱ አየሁ» አሉ። «ልጁም ደስ አለው። አንቺ ደግሞ ዝም አልሽ። ዝም ያለ ልጅ የተስማማ ይመስላል።»

ልጅ ነበርኩ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተስማሙ ይመስል። ከዚያ እንደ ስጦታ አድርገው ምን እንዳሉኝ ልንገርህ፦ ለሽኝቱም ከኋላ መሐል አስቀምጠውኛል፣ ደረት ያለ እኔ አይቆምም። ይህን ሲሉኝ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! ከትምህርት ቤቱ ወጥቼ ግማሽ መንገድ እስክሄድ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ አስፋልቱ መሐል ቆሜ ደሜ ፈላ፤ አንድ ታክሲ ነጂ ሰደበኝ፤ አመሰግናለሁ አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ቃል ለካ ልጅ ዝም እንዲል የምትሰጥ ከረሜላ ናት። አሁንም ትጣፍጣለች።

ስለ መላህ። ያረጀ ሰው ላይ እውነት መጣል ትላለህ፤ ከእትዬ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። ጉልበታቸውን የማሸው፣ የቀሚሱን ስፌት አራት ጊዜ ያስፈታሁት እኔ ነኝ። እሳቸውን ላሳዝን አልፈልግም። ከኋላህ ግን አልቆምም። መጥተህ አፍህን ክፈትና የወጣውን ያህል ይውጣ። ቢሻክርም፣ ቢሰነጠቅም እትዬ ያጨበጭቡልሃል፤ እናት አይደሉ እንዴ? ያንተን ድምፅ እኮ እስካሁን ሰምተውት አያውቁም።

ሚጢጢ


ጥር 8 ቀን

ለሚጢጢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፈቃድ አልተሰጠኝም። ሌላው ሠራተኛ ታሞ ሱቁን ብቻዬን ይዣለሁ። ይህን ማመንም አለማመንም የአንቺ ነው።

ጽሑፉን መልሱልኝ ብዬ ነበር፤ መርሐ ግብሩ ታትሟል አሉኝ። ለእማዬ ጉሮሮውን ታሟል በያት። ቀረ ከምትያት ታመመ ብትያት ይሻላታል። ይህን አንድ ነገር ብቻ።

ሎጋው


ጥር 27 ቀን

ሎጋው፦

ያለህበት ሰላም ይሁን። ይህን የምጽፍልህ ከመናኸሪያው ነው፤ ሾፌሮቹ ዛሬ ታግሠውኛል።

ጉሮሮውን ታሟል አላልኳቸውም። የሥራ ፈቃድ ከለከሉት አልኩ፤ አንተ የጻፍከውን እንዳለ። እትዬ ቀሚሱን አምጪልኝ አሉ። ለብሰው ሄዱ። ለአዘጋጆቹ ደግሞ ምን ብለው እንደላኩ እዚያ ስደርስ ነው ያወቅሁት። የልጄን ቦታ እንዳትሞሉት ብለዋል።

አዳራሹ ያው ነው፤ ወንበሮቹ ብቻ ተቀይረዋል። ጽሑፍህ ተነበበ። ድምፄን ያገኙልኝ ሲባል ተጨበጨበ፤ እትዬ ወደ ቀኝ ወደ ግራ እጅ ነሡ። ከዚያ ጋሼ ትንፋሽ አኮርዲዮናቸውን አንግተው አሰለፉን። ሆድ ያወጣን፣ ጸጉር የሸበትን ሰዎች እንደ ልጅ እየገፉ። ከፊት ረድፍ መሐል ላይ አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ነበር። አንተ ነህ እሱ። እኔን በአገጫቸው ወደ ኋላ አመለከቱኝ።

ሄጄ ክፍተቱ ላይ ቆምኩ።

«ሚጢጢ፣ ወደ ኋላ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ ቀን በፊት በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ልብሱም ደረቱም እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እጃቸው ቁልፎቹ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ጀመሩ።

የብቻው ክፍል ደረሰ። የተቆጣ ሰው ትንፋሹ ደረቱ ላይ ይቀራል ይሉን ነበር፤ እውነታቸውን ነው። መጽሐፉን ሆዴ ላይ አሰብኩት። ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል። እትዬን እያየሁ ዘመርኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ድምፁ የልጅ ድምፅ አይደለም፤ ወፍሯል፤ አቧራና ነዳጅ ጠጥቷል፤ ግን ያው ነው፤ ማንም ሰምቶት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

እትዬም አወቁት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። የወንበሩን እጀታ ይዘው ልክ እንደዚያን ቀን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። የሚመጡ መሰለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ክንዴን ከጎኔ ላቅቄ ነበር፤ እንዲያቅፉኝ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ከዚያ ወደ ግራ። ከኋላዬ ያለውን ሰው ለማየት ነበር።

ከኋላዬ የቆመው መላጣ የባንክ ሠራተኛ ነው። አፉን ገጥሞ።

መዝሙሩን ጨረስኩት። ሲያልቅ ጋሼ ትንፋሽ አኮርዲዮኑን ሳይዘጉ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ብቻውን ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ሰዉ ያጨበጭብ ነበር። እሳቸው መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ የሚሉት ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ ሁለት ጣታቸውን አንሥተው ወደ ራሳቸው ከንፈር ወሰዱና እዚያው ተዉት። እንዲህ አርጅተዋል። ምንም አልጠየቅኋቸውም። እንዲቀልላቸውም አላደረግሁም።

ታክሲ ውስጥ እትዬ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ከኋላሽ የነበረው ማነው?» አሉኝ። ማንም አልነበረም፣ እኔ ነኝ አልኩ። «እሱ ልጅ ሆኖ እንዲሁ ነበር የሚያወጣው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሽኝቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቀሚሱንም መልሰው አላጠፉትም፤ ወንበር ላይ እንደተጣለ ነው።

ትናንት ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ አንጎራጎርኩ። ያንኑ ነበር፤ አውቄ አይደለም። ዞር ስል እትዬ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። በዚያ ጉልበታቸው መቼ እንደመጡ አልሰማሁም። እንደ ልማዳቸው ትንሽ ትንሽ የልጄን ይመስላል ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። አፌን ነበር የሚያዩት። እንደ ደንቆሮ ሰው ከንፈሬን እየተከተሉ። ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም፤ እስከ መጨረሻው ድረስ አሳየኋቸው። ሲያልቅ ተመልሰው ሄዱ፣ የመኝታ ቤታቸውን በር ዘጉ፣ ስልኩን አንሥተው ሲደውሉ ሰማሁ።

አላነሣህም። ዛሬ ጠዋትም ደውለዋል፤ አላነሣህም።

ሳታነሣ አይተዉህም። አንሣው። የሚጠይቁህን ታውቀዋለህ፤ መልሱንም በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ። ከኋላህ ማንም የለም።

የአጎትህ ልጅ